ከቀይዋ ሳጥን የጎደለችው

የአጎቴን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌሊት አስር ሰዓት ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ በስልክ መብራት። ሰው ሲሞት እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አንዱ ቄስ ጋ ይሮጣል፣ አንዱ የእድር ዳኛውን ይቀሰቅሳል፣ አንዱ ድንኳን ያስተክላል። እኔ ደግሞ "አንተ መጻፍ ትችላለህ" ተባልኩና ወረቀትና እስክሪብቶ ተሰጠኝ።

አንድ ገጽ ጻፍኩ። የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ መቼ አገባ፣ ስንት ልጅና የልጅ ልጅ አየ። ስለ ሥራው የጻፍኩት ይህችን ብቻ ነው፦ "በኢትዮጵያ አየር መንገድ በአውሮፕላን ጥገና ሙያ ለ31 ዓመታት በቅንነትና በታማኝነት አገልግለዋል።" በነጋታው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ተነበበ። ሰው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። አፈር አለበስነውና ተመለስን።

ያቺ መስመር ግን አልለቀቀችኝም። "በቅንነትና በታማኝነት" ለማን አይጻፍም? ለአስተማሪም፣ ለሾፌርም፣ ለገንዘብ ያዥም ይጻፋል። ስሙን ብታነሱላት የማን እንደሆነች አታስታውቅም። እኔ ደግሞ ሩቅ ሰው አይደለሁም። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ያደግኩት እሱ ቤት ነው። ጋሽዬ ነበር የምለው። 31 ዓመት የሠራውን ሥራ በአንድ መስመር የጨረስኩት ቦታ ጠቦኝ አይደለም። ከዚያ በላይ ስለማላውቅ ነው።

ሥራውን በአፍንጫዬ ነበር የማውቀው። ማታ ሰርቪስ መጥቶ ይወስደዋል። ጠዋት ሲመለስ ቱታው የነዳጅና የቅባት ሽታ ይዞ ይገባል። እጁ ላይ ሁሌም የሆነ ቦታ የተላጠ ቆዳ አይጠፋም። "ስካይድሮል ነው" ይላል። ወይን ጠጅ መልክ ያለው የሃይድሮሊክ ፈሳሽ ነው። እሳት ቶሎ ስለማይይዘው አውሮፕላን ላይ ይጠቀሙበታል። ቆዳ ግን ያቃጥላል። ዓይን ውስጥ ከገባማ አያድርስ ነው። ቁርሱን በልቶ፣ መጋረጃ ዘግቶ ይተኛል። እኛ ልጆቹ በእግር ጣታችን እየሄድን እንውላለን። በቃ ይኸው ነው። ምን ሠርቶ እንዳደረ ጠይቄው አላውቅም።

ድንኳኑ ጥግ

በሰልስቱ ቀን ድንኳኑ ጥግ ላይ ሰባት ስምንት ሽማግሌዎች አብረው ተቀምጠው አየሁ። የቀብሩ ዕለትም እዚያው ጥግ ነበሩ። ዘመድ አይደሉም። የሰፈር ሰውም አይደሉም። ኮታቸው ያረጀ ግን የተተኮሰ፣ ጫማቸው የተጠረገ። ሻይ ይዤ ስጠጋ ስለ ከብት የሚያወሩ መሰለኝ። "ያቺ እኮ ግራዋን ያማት ነበር።" "አይ፣ ግራዋን የሚያማት እህቷ ናት።" ለካ ስለ አውሮፕላን ነው። እያንዳንዱን አውሮፕላን ጅራቱ ላይ ባሉት የመጨረሻ ፊደላት ይጠሩታል። የትኛዋ ዘይት እንደምትበላ፣ የትኛዋ በር እንደሚያስቸግራት፣ አርባ ዓመት አልፎም አልረሱትም።

ተቀመጥኩ። ሻዩን አስቀምጬ ልሄድ ነበር የመጣሁት፣ ግን ተቀመጥኩ።

ከእነሱ በፊት የነበረውን ዘመን ከአለቆቻቸው ሰምተው ነው የሚያወሩት። መጋቢት 30 ቀን 1938 የአየር መንገዱ የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ካይሮ ሲሄድ አብራሪውም ጠጋኙም አሜሪካዊ ነበር። የቲ ደብልዩ ኤ፣ የአሜሪካው አየር መንገድ፣ ሰዎች። ሀበሻው መሣሪያ እያቀበለ ነው ሥራ ያየው። አውሮፕላን ማረፊያውም ልደታ ነበር። ጄት ሲመጣ ልደታ ጠበበና ቦሌ ተሠራ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የጥገና ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ጋሽዬ በ1965 ዓ.ም. ሲገባ አስተማሪዎቹ ውስጥ መሣሪያ በማቀበል የጀመሩ ሀበሾች ነበሩበት። ይህን ሲያወሩ አንዱ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ የመዳፉን ጠባሳ አሳየኝ። "ይኼ የዳኮታ ነው" አለኝ። ዳኮታ የሚሉት ዲሲ ሦስትን ነው። አንዱ ሞተር 14 ሲሊንደር አለው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ። ሁለት ሞተር ሲሆን 56 ካንዴላ መሆኑ ነው። እያንዳንዷ ተፈታ፣ ተጠርጋ፣ ተለክታ ትመለሳለች። እየቆጠረ ሲነግረኝ ጣቶቹ ይፈቱና ያስሩ ነበር።

ከዚያ ቦይንግ 767 ላይ ደረሱ። በግንቦት 1976 አዲሱ 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ መሃል ላይ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። 12,082 ኪሎ ሜትር፣ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ። ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በጊዜው የርቀት ክብረ ወሰን ነበር። ጋሽዬ ያን ቀን ቦሌ ቆሞ ከተቀበሉት ነው አሉኝ። ይህንንም አላውቅም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የእርሻ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን እዚሁ ተገጣጠመች። ስሟን "እሸት" አሏት። ስሙን ሲጠሩት ሁሉም ፈገግ አሉ። የልጅ ስም የሚጠሩ ነበር የሚመስሉት።

እነዚህ ሰዎች አሁን የሚገናኙት በለቅሶ ነው። ግማሾቹ ባሕረ ሰላጤ ሄደው ሠርተው ተመልሰዋል። የአንዳንዶቹ ጓደኞች አሜሪካ ቀርተዋል። በተገናኙ ቁጥር ከጥጉ አንድ ሰው ይጎድላል።

ሁለቱን ሞተር አንድ ሰው አይነካም

አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ጋሽዬ ቤት ውስጥ የነበረው አመሉ ሁሌ ይገርመኝ ነበር። እትዬ፣ ሚስቱ፣ "የጋዙን ሲሊንደር ዘግቼዋለሁ" ትለዋለች። እሱ ግን ተነስቶ ሄዶ ያየዋል። በሩ ተቆልፏል ሲሉት ይገፋዋል። መኪናው ጎማ ተቀይሮ ሲመጣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በራሱ መፍቻ ይሞክራል። እትዬን ያስከፋት ነበር። "ሰው አታምንም እንዴ?" ስትለው "አንቺንማ አምናለሁ፣ ሲሊንደሩን ነው የማላምነው" ይላታል። እኛ ጠርጣራ ነው ብለን ደምድመን ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ከዚያ አንደኛው፣ ከሁሉም በዕድሜ አነስ የሚሉት፣ ወደ እኔ ዞረው አስረዱኝ። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ባሕርና በረሃ ለረጅም ሰዓት እንዲያቋርጥ ሲፈቀድ ከተቀመጡት ደንቦች አንዱ ይህ ነው፦ አንድ ዓይነት ሥራ በሁለቱም ሞተሮች ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው አይሠራም። የግራውን የነካ የቀኙን አይነካም። ሰው ጠፍቶ የግድ ከሆነ፣ ሌላ ሰው መጥቶ ለብቻው ይፈትሻል። ለምን? ጎበዝም ቢሆን ሰው የሚሳሳተው በለመደው መንገድ ነው። ግራው ላይ የረሳትን ቀኙም ላይ ይረሳታል።

የማያሚውን ታሪክም ነገሩኝ። በፈረንጆቹ 1983 አንድ ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን 172 ሰው ይዞ ከማያሚ ወደ ባሃማሷ ናሳው ከተማ ይነሳል። መንገድ ላይ ሦስቱም ሞተሮች ዘይታቸውን ያፈሳሉ። አንዱን ሞተር እንደገና አስነስተው በተአምር ተመልሰው አረፉ። ማንም አልሞተም። ምክንያቱ ሲጣራ የላስቲክ ቀለበት ሆኖ ተገኘ። ሌሊት ሦስቱም ሞተሮች ላይ አንድ ዓይነት ክፍል ሲቀየር፣ ሦስቱም ላይ የላስቲክ ቀለበቷ ሳትገባ ታሰረ። "ሰነፎች አልነበሩም" አሉኝ ሰውዬው። "ሦስቱም ጋ ያው ልማድ፣ ያው ሐሳብ ነው የሄደው።"

ይህን ስሰማ ብዙ አሰብኩ። እኛ ጋ መፈተሽ ስድብ ነው። ወዳጅ ብር ሲሰጠን ፊቱ ላይ መቁጠር ያሳፍረናል። "ኧረ ተወው" እንላለን። የሠራነውን ሌላ ሰው ደግሞ ቢያይብን ይከፋናል። ጋሽዬ ግን ዕድሜውን የኖረው እሱ ያሰረውን ሌላ ሰው በሚያይበት፣ ሌላው ያሰረውን እሱ በሚያይበት ቤት ውስጥ ነው። የሠራውም ይፈርማል፣ ያየውም ይፈርማል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ያ ፊርማ ከአውሮፕላኑ መዝገብ ጋር አብሮ ይኖራል። እዚያ ቤት ውስጥ "ልየው" ማለት ንቀት አይደለም። እንደውም ጓደኛህን ብቻውን አለመተው ነው። ጋሽዬ የእትዬን ሲሊንደር ሄዶ ሲያይ፣ ሃንጋር ውስጥ፣ አውሮፕላን የሚጠገንበት አዳራሽ ማለት ነው፣ ለባልደረባው የሚያደርገውን ነበር የሚያደርገው። እትዬ አሁን ይህን ብነግራት ምን ትል ይሆን? ነገርኳት። ዝም አለች። ቆይታ "አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብሎ ቢነግረኝ ምን ነበረበት" አለች።

ሌሊት ስምንት ሰዓት

ወደዋናው ነገር ልምጣ። ያስረዱኝ ሰውዬ ወደ ማታ ሌሎቹ ሲሄዱ ቀሩ። ጋሽዬ በ1996 ከአየር መንገዱ ከወጣ በኋላ ባሕረ ሰላጤ ላይ አንድ ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቷል። እሳቸውም በኮንትራት እዚያው ነበሩ፣ ከእሱ ሥር።

"አንድ ሌሊት ምን ሆነ መሰለህ ልጄ" ብለው ጀመሩ። "የጎማው ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ስሠራ አደርኩ። ዘጋሁት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሳጥኔን ስቆጥር አንዲት መፍቻ የለችም። ትንሿ፣ እንደ ጣትህ የምታክል። አውሮፕላኑ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። ሰው ተሳፋሪ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ተኝቷል። ላብ አሰመጠኝ። ዝም ልበል አልኩ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ዝም ልል ነበር። ሌላ መፍቻ ገዝቼ እተካለሁ፣ ማን ያውቃል አልኩ።"

እዚህ ላይ ቆም አሉ። ሻያቸው ቀዝቅዞ ነበር።

"ከዚያ ሄጄ ለአጎትህ ነገርኳቸው። መፍቻ ጠፍቶኛል አልኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና 'ጎሽ፣ ደግ አደረግህ' አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም። የእጅ ባትሪያቸውን አነሱ። የዘጋሁትን ሁሉ መልሰን ከፈትን። ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት አልፎ አገኘናት። መሪውን ከሚጎትቱት ሽቦዎች አጠገብ ተሰንቅራ። አየህ፣ እዚያ ቦታ ላይ አንዲት መፍቻ ብትንሸራተት ሽቦውን ትይዘዋለች። አብራሪው መሪውን ሲያዞር አልዞርም ይለዋል።"

አውሮፕላኑ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ተነሳ። ተሳፋሪው ተቆጣ። ኃላፊዎቹ ማብራሪያ ጠየቁ። ጋሽዬ ፈርሞ መልስ ሰጠ። "ከዚያ በኋላ" አሉኝ ሰውዬው፣ "አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር እኔን እየጠቆሙ 'እሱ ያለውን ስሙ፣ መፍቻ ጠፍቶበት መጥቶ የነገረኝ ልጅ ነው' ይሉ ነበር። ጣለ አይሉም። ነገረኝ ነው የሚሉት። ለአስራ ምናምን ዓመት ሰው መሐል ራሴን ቀና አድርጌ የሄድኩት በዚያች ቃል ነው።"

እኔ ይህን ስሰማ በሐሳቤ ድንኳን ውስጥ አልነበርኩም። ወደ አስራ አንድ ዓመቴ ተመልሼ ነበር።

ጋሽዬ ቤት ውስጥ የራሱ የሆነች ቀይ የመሣሪያ ሳጥን ነበረችው። ውስጧ ስፖንጅ አንጥፎ፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ልኩን ቆርጦለታል። ፒንሳው የፒንሳ ቅርጽ ውስጥ ይተኛል። መፍቻዎቹ በቁጥራቸው ተደርድረው። ከጫፍ ሦስት ካቻቪቴዎች፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ። አንድ ቀን እሱ ተኝቶ እያለ ትንሿን ካቻቪቴ ወሰድኩ። የሰፈር ልጆች ጋ የመጫወቻ መኪና ስንፈታ ስንገጥም ዋልን። ማታ ስመለስ ኪሴ ውስጥ የለችም። የጣልኳት የት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ጋሽዬ ሳጥኗን ሲከፍት ወዲያው አየ። ያቺ ባዶ ቅርጽ አፍ አውጥታ ትናገራለች። "ማን ወሰደ?" አለ። ሁላችንም ዝም አልን። "አይተሃል?" አለኝ ለይቶ። "አላየሁም" አልኩ።

ያን ሌሊት ፈረቃ አልነበረውም። ሌሊቱን ሙሉ ፈለገ። ፍራሽ አነሳ። ሶፋ ገለበጠ። ሁለት ጊዜ ወደ እኔ አልጋ መጥቶ "እስቲ አስታውስ" አለኝ። አልተቆጣም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ "አላየሁም" አልኩት። እትዬ ከመኝታ ቤት "ለአንዲት ካቻቪቴ ቤቱን አፈረስከው እኮ! መርካቶ በየመንገዱ ሞልታ" ስትል ሰማኋት። እኔም ብርድ ልብስ ተከናንቤ በልቤ ስስታም አልኩት። ይህን ቃል እስከ ትልቅ ሰውነቴ ይዤው ኖርኩ። ለጓደኞቼ ስለ እሱ ሳወራ እንኳ "ደግ ነው፣ ግን ዕቃው ላይ ስስታም ነው" እል ነበር።

እነዚያ ሰውዬ "ደግ አደረግህ አሉኝ" ሲሉኝ ነው የገባኝ። ያን ሌሊት ጋሽዬ ካቻቪቴዋን ከፍራሽ ሥር አልነበረም የሚፈልጋት። ሁለት ጊዜ አልጋዬ ድረስ የመጣው ለምንድን ነው? ያውቅ ነበር። እንድነግረው ነበር የሚጠብቀው። ብነግረው ኖሮ ምን እንደሚለኝ አሁን አውቃለሁ፤ ቃል በቃል ሰምቼዋለሁ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ጎሽ" ይለኝ ነበር። ለዚያ ልጅ ባሕረ ሰላጤ ላይ የሰጠውን ለእኔ ሊሰጠኝ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ መለስኩት።

ምናልባት ዛሬ ላይ ሆኜ እያሳመርኩት ይሆናል። በእርግጥም መሣሪያውን ይወድ ነበር። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሳጥኗን አልቆለፋትም። ስስታም ሰው ይቆልፋል።

ሳጥኗ

ከአርባው በኋላ እትዬ ዕቃዎቹን ስታከፋፍል ሳጥኗን ለእኔ ሰጠችኝ። "አንተ ነበርክ የምትነካካት" አለችኝ። ምን ለማለት እንደፈለገች አልጠየቅኳትም።

ከመክፈቴ በፊት ለሰውዬው ደወልኩላቸው። የሕይወት ታሪኩን እንደገና ልጽፈው እንደሆነ ነገርኳቸው። ለቀብር ሳይሆን ለልጆቹና ለልጅ ልጆቹ። ሦስት ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። ስንት ዓመት ዳኮታ ላይ እንደሠራ፣ 707 ላይ፣ 727 ላይ፣ መቼ ተቆጣጣሪ እንደሆነ፣ ለስንት ልጆች መፍቻ እንዳስያዘ። አሁን ዘጠኝ ገጽ ደርሷል። "በቅንነት" የሚለውን ቃል አውጥቼዋለሁ። በምትኩ የመፍቻዋን ሌሊት አስገባሁ።

በመጨረሻው ቅዳሜ ስለ ዕቃ ክፍሉ ነገሩኝ። ሃንጋር ውስጥ የጋራ መሣሪያ የሚሰቀልበት ሰሌዳ አለ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ቁጥሩ የተቀረጸባቸው ትናንሽ የነሐስ ሰሌዳዎች ይሰጡታል። መሣሪያ ስትወስድ የራስህን ነሐስ በቦታው ትሰቅላለህ። ማንም መጥቶ ባዶውን ቦታ ሲያይ ማን ጋ እንዳለ ያውቃል። "ባዶ ቦታ ችግር የለውም" አሉኝ። "ነሐስ የሌለው ባዶ ቦታ ነው ሰው የሚያስጨንቀው።"

ቤቴ ገብቼ ሳጥኗን ከፈትኳት። ስፖንጁ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተፈርፍሯል። ፒንሳው በቦታው አለ። መፍቻዎቹ በቁጥራቸው አሉ። ከጫፍ ሁለት ካቻቪቴዎች፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ። ሦስተኛዋ ቦታ ባዶ ናት። መርካቶ በየመንገዱ ሞልታ፣ ይህን ሁሉ ዓመት አልተካትም።

ቁራጭ ወረቀት ቆረጥኩ። ስሜን ጻፍኩበት። ከሥሩ "1986 ዓ.ም.፣ እኔ ወስጃታለሁ፣ ጠፍታብኛለች" አልኩና ፈረምኩ። በባዶዋ ቦታ ውስጥ አስቀመጥኩትና ሳጥኗን ዘጋሁ።